አዝርዕት ድርቅን መቻላቸውና የማዳበሪያ ጥቅም በምን እንደሚመዘን

ዝናም የጐደለ እንደ ሆነ ጕዳቱ በሁሉ ማሳ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ዘር ፈጥኖ ይደርቃል፤ ሌላው ቅጠሉን ጠቅልሎ ዝናም እስኪመለስ ይታገሣል። ማዳበሪያ የተደረገለትም እርሻ ከጎረቤቱ ይልቅ ለምልሞ ይታያል። ሹም ወይም ባለ እርሻ ይህን በዓይኑ ብቻ አይቶ «ለአገሩ ሁሉ ይሁን» ብሎ ቢያዝ፥ ስሕተቱ የአንድ ማሳ ሳይሆን የወረዳው ሁሉ ይሆናል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኀብ፥ ዝናም ሲጓደል በሰው ሕይወት ላይ የሚመጣውን መከራ አሳይቷል። ስለዚህ ከትእዛዝ በፊት ሚዛን ይቀድማል።

በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ፥ ጆን ሎውዝና ጆሴፍ ጊልበርት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. ብሮድባልክ በተባለው ማሳ ስንዴ ዘርተው፥ ለአንዱ መደብ ፍግ፥ ለሌሎቹም ልዩ ልዩ ማዳበሪያ አደረጉ፤ አንዱን ግን ያለ ማዳበሪያ ተዉት። ምንም ያልተደረገበት መደብ ለሌሎቹ ሁሉ መመዘኛ ነውና። በ1919 ዓ.ም. ወደዚያው የገባው ሮናልድ ፊሸር ደግሞ መደቦቹ በዕጣ እንዲደለደሉ፥ ፈተናውም በብዙ መደብ እንዲደጋገም አስተማረ። አንዱ ዘር በዋልካ፥ ሌላው በቀይ አፈር ላይ ቢዘራ፥ ዘሩ ይብለጥ አፈሩ ይብለጥ ሊታወቅ አይቻልምና።

ድርቅንና ማዳበሪያን በአንድነት ለመመርመር አራት ዓይነት መደብ ያስፈልጋል። ይህውም፥ አንደኛው ውሃ የሚጠጣ ማዳበሪያ የሌለው፤ ሁለተኛው ውሃም ማዳበሪያም ያለው፤ ሦስተኛው ውሃ የተከለከለ ማዳበሪያ የሌለው፤ አራተኛው ውሃ የተከለከለ ማዳበሪያ ግን ያለው ነው። እያንዳንዱም ቢያንስ በሦስትና በአራት ስፍራ ይደጋገማል። የመደቡ ዳርቻ ብርሃንና አየር ስለሚበዛለት አዝመራው የሚመዘነው ከመካከሉ ነው።

ተክሉ ምን ያህል እንደ ተጠማ ከቅጠሉ ይታወቃል። ቅጠሉ ተቈርጦ ወዲያው ይመዘናል፤ ከዚያም በውሃ ተነክሮ ከጠገበ በኋላ፥ በመጨረሻም በምድጃ ከደረቀ በኋላ ይመዘናል። ትኩሱ 8 ግራም፥ የጠገበው 10 ግራም፥ የደረቀው 2 ግራም ቢሆን፥ ቅጠሉ ሊይዝ ከሚችለው 8 ግራም ውሃ 6 ግራሙን ይዟል፤ ይህም ከመቶ 75 ነው። በድርቅ ጊዜ ይህን ቍጥር ከፍ አድርጎ የሚጠብቅ ዘር ውሃውን በሚገባ ይዟል ማለት ነው።

ነገር ግን የመጨረሻው ዳኛ ፍሬው ነው። ለምሳሌ አንድ ዘር ውሃ ሲያገኝ በሄክታር 40 ኩንታል፥ በድርቅ 16 ኩንታል ይስጥ። ሁለተኛው ውሃ ሲያገኝ 20፥ በድርቅ 12 ይስጥ። የፊተኛው ከመቶ 60፥ የኋለኛው ከመቶ 40 ጐደለበት። ጕድለቱን ብቻ የሚቈጥር ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ሆኖም በክፉው ዓመት እንኳ ወደ ጎተራ ብዙ የሚያስገባው የፊተኛው ነው። ስለዚህ ጕድለቱም ፍሬውም በአንድነት ይታያሉ።

የማዳበሪያም ነገር እንዲሁ ነው። ናይትሮጅን የበዛበት እኽል በመጀመሪያ ብዙ ቅጠል ያወጣል፤ ቅጠሉም የአፈሩን ውሃ አስቀድሞ ይጨርስና ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ይጠማል። በሰኔ ለምልሞ የታየው በመስከረም ገለባ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ውሃ ባገኘው መደብ የጠቀመ ማዳበሪያ ውሃ ባጣው መደብ ካልጠቀመ፥ ዝናሙ ለማይታመን ቈላ ሊታዘዝ አይገባም።

በድርቅ ጊዜ ቅጠላቸው ሳይደርቅ የሚቈይ ማሽላዎችን ለማዳቀል በሌላው ዓለም የታወቀው ቢ 35 የተባለው ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ማሽላ ነው። ባላገሩ ጠብቆ ያቈየው ዘር እንዲህ ያለ ዋጋ አለውና፥ ሹማምንት አዲስ ዘር ሲያስገቡ የአገሩን ዘር በዚያው ፈተና በአጠገቡ ሊያስዘሩት፥ ውጤቱንም በክፉና በደግ ዓመት መዝግበው ሊያቈዩት ይገባል። በአንድ ደግ ዓመት የተገኘ ፍርድ በድርቅ ዓመት አይጸናም።