ከመጠይቁ በፊት እናትን መጠየቅ

ጎልማሳ ሰው «ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ ይኖርብኝ ይሆን?» ብሎ ራሱን መጠርጠር የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በልጁ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤቱ ልጁ ይታይ ብሎ ወደ ሐኪም ይልካል፤ ለወላጅም የሚሞላ ቅጽ ይሰጣል። የጀመረውን ሳይጨርስ ይተዋል? ዕቃ ይጠፋበታል? ሲያነጋግሩት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው? አባት ስለ ልጁ እየመለሰ ሳለ ግማሹ መልስ የራሱ ታሪክ ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ጥርጣሬ ማናናቅ አይገባም። በ2019 የታተመ፣ እስራኤልን ጨምሮ በአምስት አገሮች የተወለዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆችን መረጃ የመረመረ ጥናት፣ አንዱ ሰው ኦቲስት ሲሆን ሌላው የማይሆንበት ልዩነት 80 በመቶ ገደማ በዘር ከሚወረስ ነገር እንደሚመጣ ገምቷል። ለኤዲኤችዲም፣ ማለትም ትኩረትን መሰብሰብና ራስን መግታት ለሚያስቸግርበት የአእምሮ አሠራር፣ ግምቱ ከ70 በመቶ በላይ ነው። ሁለቱም ከልጅነት የሚጀምሩ የአእምሮ ዕድገት መንገዶች ናቸው። በአርባ ዓመት የሚታወቁ እንጂ በአርባ ዓመት የሚይዙ አይደሉም።

ታዲያ ራሱን የጠረጠረ ሰው እንዴት ያረጋግጥ? ደም ሰጥቶ፣ ራጅ ተነስቶ የሚታወቅ ቢሆን እንዴት ባማረ ነበር።

በእስራኤሏ ረሆቮት ከተማ ውስጥ፣ በቂርያት ቫይዝማን የቴክኖሎጂ መንደር አቅራቢያ፣ እንዲህ ያለ ምልክት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። በቫይዝማን የሳይንስ ተቋም የማሽተትን ሥራ የሚያጠናው የፕሮፌሰር ኖአም ሶቤል ቡድን በ2015 አንድ ልብ የሚስብ ሙከራ አሳተመ። 18 ኦቲዝም ያለባቸውና 18 የሌለባቸው ልጆች የካርቱን ፊልም እያዩ፣ አፍንጫቸው ሥር በተደረገ ቀጭን ቱቦ አንዴ ጥሩ፣ አንዴ መጥፎ ሽታ ተላከላቸው። አብዛኞቻችን መጥፎ ሽታ ሲመጣብን ሳናስበው ትንፋሻችንን እናሳጥራለን፤ ሽታው ጥሩ ሲሆን ደግሞ በረጅሙ እንስባለን። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ግን መልካሙንም ክፉውንም በአንድ ዓይነት አሳሳብ ሳቡት። ኮምፒውተሩ 10 ደቂቃ በሚፈጅ ሙከራ፣ ከትንፋሹ ብቻ ተነስቶ፣ 81 በመቶ ያህሉን በትክክል ለየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ቡድን አዋቂ ወንዶችን ፈተነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፕላን በጃንጥላ የዘለሉ ሰዎችን የፍርሃት ላብ እንዲያሸቱ አደረገ። የሌሎቹ ሰዎች ሰውነት ምን እንዳሸተተ ሳያውቅ ሲደነግጥ፣ የኦቲስቶቹ ሰውነት ግን እንዲያ አልደነገጠም።

እንዲህ ያለው ሥራ ተስፋ ይሰጣል። ሆኖም 81 በመቶ ማለት ከአምስት ሰው አንዱን መሳት ነው፤ የተፈተኑትም 36 ልጆች ብቻ ናቸው። እስከ ዛሬ ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ በማሽተት ሙከራ፣ በደም ወይም በጭንቅላት ምስል አይወሰንም። የምስሉን ጉዳይ ራሱ የቫይዝማን ተቋም አስረድቶናል። አቪታል ሐሃሚና ራፋኤል ማላክ፣ ያኔ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ከነበረችው ከማርሊን ቤርማን ጋር፣ ሥራ ፈተው የተኙ ሰዎችን የአእምሮ ምስል አነጻጸሩ። ኦቲዝም የሌለባቸው ሰዎች የአእምሮ ክፍሎች የሚገናኙበት መንገድ እርስ በርሱ ይመሳሰል ነበር። የኦቲስቶቹ ግን ከሌላው ሕዝብ ብቻ ሳይሆን አንዱ ከሌላው ኦቲስትም ይለያል፤ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የተለየው። እኔ ከዚህ ግኝት በላይ ለጎልማሳ የሚጠቅም ነገር የለም እላለሁ። «እገሌን አውቀዋለሁ፣ እሱ ኦቲስት ነው፣ እኔ እሱን አልመስልም» ብሎ ጥያቄውን የዘጋ ሰው እንደገና ሊከፍተው ይገባል።

ምርመራው እንዲህ ከሆነ የሚቀረው ጥያቄና መልስ ነው። ስልክ ላይ የሚገኙት መጠይቆች ተራ ጨዋታ እንዳይመስሉን፤ ብዙዎቹ ከምርምር ቤት የወጡ ናቸው። በኦቲዝም በኩል ታዋቂው በ2001 ሳይመን ባረን ኮኸንና የካምብሪጅ ባልደረቦቹ ያወጡት፣ 50 ዓረፍተ ነገር ያለው መጠይቅ ነው። በመጀመሪያው ጥናት ከኦቲስቶቹ 80 በመቶው 32 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ሲያገኙ፣ ከሌሎቹ ሰዎች እዚያ የደረሱት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን ያየ ሰው «32 አገኘሁ፤ አለቀ፣ ኦቲስት ነኝ» ይላል። እስቲ እናስላው። ከ1,000 ሰው 10 ያህሉ ኦቲስት ናቸው እንበል። ከእነዚህ 8ቱ 32 ይደርሳሉ። ከቀሩት 990 ሰዎች 2 በመቶው፣ ማለትም 20 ያህሉ፣ እነሱም 32 ይደርሳሉ። ስለዚህ መስመሩን ካለፉት 28 ሰዎች ኦቲስቶቹ 8 ብቻ ናቸው። መጠይቁ አልዋሸም፤ እኛ ነን ያላለውን ያስባልነው።

ስህተቱ በሌላም በኩል ይመጣል። በ2016 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ የተላኩ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በዚሁ መጠይቅ አጭር ቅጂ ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት 64 በመቶዎቹ በሐኪም ሲታዩ ኦቲዝም ተገኘባቸው። ነጥቡ ዝቅ ስላለ ብቻ ነገሩን እርግፍ አድርጎ መተውም ልክ አይደለም ማለት ነው። በተለይ ሴቶች፣ በተለይም ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን እያዩ ሳቁንም ሰላምታውንም እንደ ትምህርት ያጠኑ ሰዎች፣ ችግራቸውን ከራሳቸውም ይሰውሩታል። ይህን መደበቅ ራሱን የሚለካ 25 ጥያቄ ያለው መጠይቅ በ2019 ወጥቷል። ቀኑን ሙሉ ሰው መስሎ ውሎ ማታ በሩን ሲዘጋ የሚዝለፈለፍ ሰው ካለ፣ ያን ድካም ለሐኪሙ መጀመሪያ ይናገረው።

ለኤዲኤችዲ የዓለም ጤና ድርጅት ከሮናልድ ኬስለር ቡድን ጋር ያዘጋጀው 18 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። የመጀመሪያዎቹ 6 ጥያቄዎች እንደ ወንፊት ያገለግላሉ፤ ከ6ቱ 4ቱ መስመሩን ካለፉ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ሥራውን ጫፍ አድርሶ ማሰሪያውን መተው፣ ቀጠሮ መርሳት፣ ማሰብ የሚጠይቅ ሥራን ዛሬ ነገ ማለት፣ ቁጭ ባሉ ጊዜ እጅና እግር አለማረፍ ከሚጠየቁት ናቸው። ጥሩና አጭር መጠይቅ ነው። የሚጠይቀው ግን ያለፉትን ስድስት ወራት ነው። ሐኪሞች የሚመሩበት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ደግሞ በ2013 ታድሶ እንደወጣው፣ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት እንዲጀምሩና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በሥራም፣ እንዲታዩ ይፈልጋል። (ያው መመሪያ ነው ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ ብሎ የተቀበለው፤ ከዚያ በፊት አንዱ ከተባለ ሌላው አይባልም ነበር።) በስድስት ወርና በ12 ዓመት ዕድሜ መካከል ያለውን ገደል የሚሞላው ምንድን ነው?

እዚህ እስራኤል የተወለደ ሰው የመዋዕለ ሕፃናት ማስታወሻና የትምህርት ቤት ካርድ ያወጣል። ከጎንደር ገጠር ተነስቶ በሱዳን በኩል የመጣ፣ ወይም በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በልጅነቱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተጫነ ኢትዮጵያዊ፣ የረሆቮቱ የቂርያት ሞሼ ሰፈር ነዋሪ ግን ምን ያወጣል? ወረቀቱ የለም። ሰዎቹ ግን አሉ። እናት አለች፣ አክስት አለች፣ ታላቅ እህት አለች። የእኛ ሰው ማኅደር በቃል ነው ያለው፤ ይህ ማኅደር ሳይጠየቅ ሲያልፍ ማየት ያንገበግበኛል።

እናትን «እማዬ፣ ኦቲዝም ነበረብኝ?» ብሎ መጠየቅ ግን አይሆንም። ቃሉን አታውቀው ይሆናል፤ ካወቀችውም በእሷ የተሳበበ ይመስላታል። ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ እናት ቀዝቃዛ ስለሆነች ልጁ ኦቲስት ሆነ የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ያ አነጋገር ሐሰት መሆኑ ከተረጋገጠ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ይልቅ ቡና ተፈልቶ፣ ልብ አርፎ፣ ስለ ሥራ ይጠየቅ። እሳት ጫር ተብዬ ስላክ ይዤ እመለስ ነበር ወይስ መንገድ ላይ ረስቼ ስጫወት ትልኩብኝ ነበር? ከብት ስጠብቅ ከብቱ የሰው ማሳ ይገባ ነበር? ወንድሞቼስ ሲጠብቁ? ሰርግ ቤት ከበሮና እልልታ ሲደምቅ ጆሮዬን ይዤ እሸሽ ነበር? አዲስ ልብስ ይቆጠቁጠኛል ብዬ አወልቅ ነበር? ጸጉሬ ሲሠራ ከሌሎቹ ልጆች የበለጠ አለቅስ ነበር? ከልጆች ጋር እጫወት ነበር ወይስ ከዳር ቆሜ አይ ነበር? እንደ ነፍሴ የምወደው፣ ሌላ ወሬ የማያስወራኝ ነገር ነበረኝ? ባቡርና የጠፈር መርከብ በሌለበት አገር የኦቲስት ልጅ ፍቅር የአገሩን ሰው ሁሉ የዘር ሐረግ መቁጠር፣ የላሞቹን እናትና አያት ማወቅ ሊሆን ይችላል። ከወንድምና ከእህት ጋር ማነጻጸሩ እጅግ ይረዳል፤ ሁሉም ልጅ ይረሳልና ቁም ነገሩ ከእኩዮቹ ይበልጥ ነበር ወይ ነው። መልሱን እንደተነገረው፣ በእናት ቃል፣ ጽፎ ማስቀመጥ ይበጃል።

ይህ ማኅደር ሌላም ጥቅም አለው። መጠይቆቹ የተጻፉት ለሌላ አስተዳደግ ነው። ከግብዣ ይልቅ ቤተ መጻሕፍት ትመርጣለህ ወይ፣ ከቴአትር ይልቅ ሙዚየም ትመርጣለህ ወይ የሚል ጥያቄ ቤተ መጻሕፍትም ሙዚየምም በልጅነቱ ላላየ ሰው ምን ይለካለታል? ታላቅ ሲናገር ዓይኑን ሰብሮ እንዲቀመጥ ያደገ ሰው ክሊኒክ ውስጥ ዓይን ዓይን ባያይ ምልክት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ተቃራኒውም ይደርሳል፦ ዝምታው ስለተመሰገነለት፣ «ረጋ ያለ ልጅ» ስለተባለ፣ ችግሩ ያልታየለት ሰው። በ2004 የወጣ የእስራኤል ጥናት ኢትዮጵያ ተወልደው ከመጡ ልጆች መካከል በኦቲዝም የተመዘገበ አንድም አላገኘም፤ እዚህ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በተወለዱት ግን ከ10,000 ልጅ 8 ያህል አገኘ፤ ይህም ከሌላው የአገሩ ተወላጅ ብዙ አይርቅም። ለዚህ ልዩነት ብዙ ምክንያት ይነሣል። እኔ በበኩሌ ያልተጠየቀ ሰው አይቆጠርም ባይ ነኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንኳ ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት፣ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከጎረቤት ዓይን ሸሽጎ ነበር የሚያሳድገው።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ እሱን ማለፍ አይቻልም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሲመጡ በሱዳን መንገድ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች አልቀዋል። በልጅነቱ ያን ያየ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ፣ ቢደነብር፣ ሐሳቡ ቢበተን፣ ከሰው ቢርቅ፣ መጠይቁ ኤዲኤችዲ ወይም ኦቲዝም ሊለው ይችላል። የመከራ ጠባሳ ግን ሕክምናው ሌላ ነው። ስለዚህ ለእናት የሚቀርበው ዋና ጥያቄ «ከመንገዱ በፊትስ እንዴት ነበርኩ?» የሚለው ነው። እንዲሁም የእንቅልፍ መታፈን፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዛባትና ድብርት ትኩረትን ይሰርቃሉ፤ እነዚህ በምርመራ ይታወቃሉና አስቀድሞ መታየት አለባቸው።

ከዚያ መንገዱ ወደ ኩፓት ሖሊም፣ ማለትም ወደ ጤና መድን ድርጅቱ፣ የቤተሰብ ሐኪም ነው። ለአዋቂ ኤዲኤችዲን የሚወስነው የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ የነርቭ ሐኪም ወይም ለዚህ የሠለጠነ የቤተሰብ ሐኪም ነው፤ ለኦቲዝም ሐኪሙም ሳይኮሎጂስቱም ያስፈልጋሉ። ኮምፒውተር ላይ ቁልፍ እየተጫኑ የሚደረገው የትኩረት ፈተና አጋዥ እንጂ ብቻውን ዳኛ አይደለም። እናት ቀጠሮው ላይ ብትገኝ መልካም ነው፤ በዕብራይስጥ ካልሆነላት አስተርጓሚ ይጠየቅ። ጤና ብሪኡት የተባለው የማኅበረሰባችን ድርጅት በስልክ የአማርኛ ትርጉም ሲሰጥ ኖሯል። የልጅ ልጅን እንደ አስተርጓሚ ማስቀመጥ ግን አይመከርም፤ አያት የልጇን ጉድለት በልጅ ልጇ ፊት አትናገርም።

የልጅን የኤዲኤችዲ መድኃኒት፣ ሪታሊንን፣ መሞከር የሚባል ነገር ደግሞ አለ። አደገኛ ነው፤ የልብና የደም ግፊት ጉዳይ ስላለበት በሐኪም ብቻ ይታዘዛል። ማስረጃም አይሆንም፤ ያ መድኃኒት ኤዲኤችዲ የሌለበትንም ሰው ሊያነቃው ይችላልና «ስውጠው ነቃሁ» ማለት ምንም አያረጋግጥም።

ራሱን ፈትሾ፣ እናቱን ጠይቆ፣ ራሱን አውቆ ወደ ሐኪም ሳይሄድ የሚቀር ሰው አለ። ያንንም አከብራለሁ፤ በዚያ ዕውቀት ኑሮውን ሊያስተካክል ይችላል። የመድኃኒትና የሕግ ነገር ግን ያለ ሐኪም ውሳኔ አይሄድም። በ1998 የወጣው የእስራኤል የአካል ጉዳተኞች የእኩል መብት ሕግ የአእምሮ አሠራርንም ይጨምራል፤ አሠሪ ለሠራተኛው ተገቢ ማስተካከያ እንዲያደርግ ያዝዛል። በቂርያት ቫይዝማን በላብራቶሪም ይሁን በጽዳት፣ በኮምፒውተርም ይሁን በጥበቃ የሚሠራ ሰው ማስተካከያውን በስሙ መጠየቅ ይችላል፦ ትእዛዙ በአፍ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ይሰጠኝ፣ መብራቱ ከማይጮኽበት ጥግ አስቀምጡኝ፣ የፈረቃ ለውጥ ካለ በዋዜማው አሳውቁኝ።