አስቀድሞ የተከፈለ ዕረፍት፦ ሁሉን አካታች ሪዞርትና የላንጋኖ ጎረቤቶች

ሁሉን አካታች ሪዞርት ማለት እንግዳው የመኝታውን፣ የምግቡን፣ የመጠጡንና የመዝናኛውን ዋጋ ገና ከቤቱ ሳይወጣ በአንድ ጥቅል ከፍሎ፣ በግቢው በሚቆይባቸው ቀናት ሒሳብ የማይጠየቅበት የመስተንግዶ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ሆቴሎች የተለመዱት አከፋፈሎች፣ ማለትም ቁርስን ከመኝታ ጋር የሚሰጠው፣ በዚያ ላይ አንድ ማዕድ የሚጨምረው «ሃፍ ቦርድ» እና ሦስቱንም ማዕድ የሚያጠቃልለው «ፉል ቦርድ»፣ ከዚህ ሥርዓት በደረጃ ዝቅ የሚሉ ሲሆኑ፣ ሁሉን አካታቹ ከእነርሱ የሚለየው መጠጡን፣ መክሰሱንና የውኃ ዳር ጨዋታውን ጭምር በመጠቅለሉ ነው። «ለአዋቂዎች ብቻ» የተባለው ደግሞ ልጆችን የማያስተናግድ ሲሆን፣ የዕድሜው ወሰን ብዙውን ጊዜ 18 ዓመት ነው።

ሥርዓቱ የተወለደው በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ነው። ቤልጅየማዊው ጄራር ብሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1950 በስፔን ማዮርካ ደሴት በድንኳን የጀመረው «ክለብ ሜድ» ማረፊያን፣ ምግብንና ስፖርትን በአንድ ዋጋ ቢያቀርብም፣ የመጠጥ ሒሳብ ግን በገንዘብ ፈንታ እንግዶች በአንገታቸው በሚያጠልቁት ዶቃ ይከፈል ነበር። መጠጡንም ወደ ጥቅሉ በማስገባትና ግቢውን ለጥንዶች ብቻ በመወሰን ከቀደሙት አንዱ፣ ጆን ኢሳ እ.ኤ.አ. በ1978 በጃማይካ የከፈተው «ካፕልስ» ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የአገሩ ልጅ ጎርደን ስቱዋርት በሞንቴጎ ቤይ የመሠረተው «ሳንዳልስ» ይህንኑ አሠራር በካሪቢያን ደሴቶች አስፋፍቶታል። ዶቃውም በጊዜ ብዛት ቦታውን በእጅ አንጓ ላይ ለሚታሰር መለያ ለቋል።

የአሠራሩ ምሥጢር የሚገኘው በአማካይ ስሌት ላይ ነው። ሪዞርቱ እያንዳንዱ እንግዳ ምን ያህል እንደሚበላና እንደሚጠጣ ማወቅ ባይችልም፣ ብዙ መቶ እንግዶች በአንድነት ምን ያህል እንደሚጨርሱ ከልምድ ስለሚያውቅ፣ ጥቂት የሚጠጣው ብዙ ለሚጠጣው የሚከፍልበት ዋጋ ይተምናል፤ ምግቡንም ሁሉም እየተነሣ ራሱ በሚያነሣበት ቡፌ በማቅረብ የአስተናጋጅ ወጪውን ይቀንሳል። «ለአዋቂዎች ብቻ» የሆነው ሪዞርት ልጆችን አለመቀበሉም ከጸጥታው ባሻገር የራሱ የንግድ ጥቅም አለው፤ የቤተሰብ ክፍልና የልጆች መዋኛ መሥራት አያስፈልግም፣ ልጅ የሌላቸው እንግዶችም የትምህርት ቤት መዘጋትን ስለማይጠብቁ ክፍሎቹ ሌላው ሆቴል ባዶውን በሚያድርበት ወቅት ሊሞሉ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር በር በሌላት ኢትዮጵያ የዚህ ዓይነቱ ዕረፍት ቅርብ ዘመድ የሐይቅ ዳር ሪዞርት ነው፤ በቢሾፍቱ ኩሪፍቱ፣ በሐዋሳም የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሪዞርት በሰፊው ይታወቃሉ። ለጉራጌዋ ከተማ ለቡታጅራ ነዋሪ ግን ከእነዚህ ይልቅ የሚቀርበው ላንጋኖ ነው፤ ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ዝዋይ፣ በዛሬ ስሟ ባቱ፣ ከሚደርሰው መንገድ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ውኃው ሳይዘቅጥ በሚንሳፈፍ ደቃቅ አፈር ምክንያት ቡናማ ቢሆንም፣ ከቢልሃርዚያ ነፃ እንደሆነ ስለሚታመን ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ለዋና ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል፤ በበቀለ ሞላና በዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች የተጀመረው የዳርቻው መስተንግዶም ወደ ሎጆች አድጓል።

ይሁን እንጂ የሀገሪቱ የሐይቅ ዳር ማረፊያዎች በአመዛኙ የሚኖሩት በቤተሰብ፣ በሠርግና በስብሰባ በመሆኑ፣ ልጆችን ከበር መመለስ ዋና ገበያቸውን መመለስ ይሆንባቸዋል። እንዲያውም ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ ሁሉን አካታች መስተንግዶን የሚያውቀው ከዕረፍት ይልቅ ከሥልጠና ነው፤ በወልቂጤና በቡታጅራ ሆቴሎችም እንደሌሎች ከተሞች ሁሉ መሥሪያ ቤት አዳራሹን፣ የሻይ ሰዓቱን፣ ምሳውንና መኝታውን በአንድ ውል ይከፍልና ሠልጣኙ ሒሳብ ሳይጠየቅ ሰንብቶ ይሄዳል። አማካይ ስሌቱም እዚህ የራሱ እንቅፋት አለው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም፣ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ እንግዳ ከሥጋና ከወተት በአንድ ጊዜ ስለሚርቅ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑም በአንዱ ሃይማኖት የታረደውን ሌላው ስለማይበላ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በሚኖሩበት በጉራጌ ምድር የሚሠራ ወጥ ቤት የጾሙንና የፍስኩን፣ የሁለቱንም ዕርድ ለየብቻ ማሰናዳት ይኖርበታል።

አስቀድሞ ከፍሎ ያለ ሒሳብ መደሰት ለጉራጌ አዲስ ነገር አይደለም። መስከረም 17 ቀን የሚከበረውን መስቀል ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ተመልሶ በአገር ቤት የሚያሳልፈው ጉራጌ፣ ለሰንጋው ገንዘብ ቀደም ብሎ ያጠራቅማል፣ ሴቶችም ለክትፎው የሚሆነውን ቅቤ በወራት ይቆጥባሉ፤ በዓሉ ሲደርስ ክትፎው፣ ቆጮውና አይቡ ለመጣው ሁሉ ያለ ዋጋ ይቀርባል። ከሪዞርቱ ጋር ያለው ዋና ልዩነት ገንዘቡ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ የመስቀል ቁጠባ ከብት አርቢውን፣ እንሰት ፋቂዋንና ቅቤ ሻጯን በየገበያው ያገኛቸዋል። የሪዞርቱ እንግዳ ግን ሁሉንም አስቀድሞ ስለከፈለ ከግቢው ወጥቶ ምሳ የሚበላበት ምክንያት የለውም፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራምም በአብዛኞቹ ሁሉን አካታች የጉዞ ጥቅሎች ከተጓዡ ወጪ 80 በመቶ ያህሉ ወደ አየር መንገዶች፣ ወደ ሆቴሎችና ወደ ሌሎች ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች እንደሚሄድ አመልክቷል።

ስለዚህ እንዲህ ያለው አሠራር በላንጋኖ ቢስፋፋ ለአካባቢው የሚበጅ መሆን አለመሆኑ የሚለካው በአልጋዎቹ ቁጥር ሳይሆን በወጥ ቤቱ የግዢ ውል ነው። ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል የሆነችው ቡታጅራ የማረቆ በርበሬ በሚበቅልበት ሜዳ አጠገብ ትገኛለች፤ ከተራራው ወዲያ በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ወልቂጤም እንሰት አብቃይ ወረዳዎች ይከቧታል። እንግዳው ወደ ገበያ በማይወጣበት ሥርዓት ውስጥ ገበያው ወደ ግቢው ሊገባ የሚችለው በርበሬው፣ ቆጮውና ቅቤው ከነዚሁ አምራቾች እንዲገዛ፣ ወደ ጥያ ትክል ድንጋዮችና ወደ ሀረ ሸይጣን ሐይቅ የሚደረገው ጉብኝትም በአካባቢው አስጎብኚዎች እንዲመራ ከግንባታው ፈቃድ ጋር ውል ሲታሰር ነው፤ ጥቅሉ አንዴ ዋጋ ወጥቶለት ከተሸጠ በኋላ በውስጡ ላልታሰበ አቅራቢ የሚተርፍ ገንዘብ አይኖርምና።