ወላድ ምጧን የምትጠብቅበት ቤት

በአገራችን በክርስቲያኑ ቤት አንዲት ሴት በደኅና ስትገላገል ጠያቂው ሁሉ በደጃፉ ብቅ እያለ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ይህን ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለ ኖርን ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብለን አናስበውም። ማረችሽ የተባለው ከምንድን ነው? ከሞት ነው። ልጁን ያሳድግልሽ ከማለት አስቀድሞ እናቲቱ በመትረፏ ምስጋና የሚቀርበው እናቶቻችንና አያቶቻችን መውለድና መሞት ምን ያህል ጎረቤታሞች እንደ ሆኑ በዐይናቸው አይተው ስለሚያውቁ ነው።

ይህ ጉርብትና በዘመናችን ቢላላም አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ መቶ ሺህ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት እንደሚሞቱ ተገምቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት ግምቱ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ጣቢያና በሐኪም ቤት የሚወልዱትም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ ወላዶች አምስት ያህል ብቻ የነበሩት በ2016 ሃያ ስድስት፥ በ2019 ደግሞ አርባ ስምንት ደርሰዋል። ይህ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የተገኘ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም በ2019ኙ ጥናት መሠረት ከሁለት ወላዶች አንዷ ገና ከቤቷ ምድጃ አጠገብ ትወልድ ነበር ማለት ነው።

ለምን አትሄድም? ብሎ መጠየቅ ለከተማ ሰው ቀላል ነው። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ከነፍሰ ጡሮች መካከል ከመቶ ዐሥራ አምስት ያህሉ ብርቱ ችግር ይገጥማቸዋል፤ የትኛዋ እንደ ሆነች ግን አስቀድሞ በርግጥ ማወቅ አይቻልም። አምስት ልጆች በሰላም የወለደችውም በስድስተኛው ልትደማ ትችላለች። ከወሊድ በኋላ ብርቱ ደም የሚፈሳት እናት ርዳታ ካላገኘች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። ሁለት ሰዓት ለአዲስ አበባ ሰው በመኪና መጨናነቅ የሚያልቅ ጊዜ ነው፤ ከጥርጊያ መንገድ ርቆ ለሚኖር ገበሬ ግን ቃሬዛ አበጅቶ፥ ተሸካሚ ጎረምሶች ሰብስቦ፥ የሞላውን ወንዝ ተሻግሮ ጤና ጣቢያ ለመድረስ አይበቃም። ባለሙያዎች ይህን መዘግየት በሦስት ከፍለው ያዩታል፤ አንደኛው በቤት ውስጥ «እንውሰዳት ወይስ ጥቂት እንጠብቅ» ሲባባሉ የሚጠፋው ጊዜ፥ ሁለተኛው በመንገድ የሚያልፈው፥ ሦስተኛው ከደረሰች በኋላ አዋላጅ ወይም መድኀኒት እስኪገኝ የሚባክነው ነው።

እነሆ፥ ለሁለተኛው መዘግየት የተገኘው መላ እጅግ ቀላል ነው፤ መንገዱን ማሳጠር ካልተቻለ ወላዷን ምጥ ሳይጀምራት ከወንዙ ማዶ ማሳደር ነው። የእናቶች ማቆያ የሚባለው ቤት ይህ ነው። ቤቱን ላላየው አንባቢያችን እንንገረው፤ ማቆያው የሕክምና ክፍል አይደለም። በጤና ጣቢያው ወይም በሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ከአዋላጆቹ ክፍል አጠገብ የተሠራ፥ ጥቂት አልጋዎችና አንድ ማድቤት ያሉት ተራ ቤት ነው። መንደሯ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር የመውለጃዋ ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጥታ ታርፍበታለች፤ አዋላጇ እየተመላለሰች ታያታለች፤ ምጡ ሲጀምራት የምትሄደው መንገድ ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር ብቻ ነው።

ይህ ሐሳብ በአገራችን ሲሠራበት ግማሽ ምእት ዓመት ሊሞላው ነው። በጉራጌ ምድር በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው የአጣጥ ሐኪም ቤት እንዲህ ያለውን ማቆያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዚያ ይቀበሉ የነበሩት በተለይ የሚያሰጉትን ሴቶች ነበር፤ ቀድሞ በቀዶ ጥገና የወለደችውን፥ መንታ ያረገዘችውን፥ ያለፈው ልጇ ሞቶ የተወለደባትን። ሴቶቹ አንድ ዘመድ አስከትለው፥ ስንቃቸውን ይዘው ይመጡና ምግባቸውን ራሳቸው እያበሰሉ ቀናቸውን ይጠብቁ ነበር።

ነገሩን ከወሬ ወደ ማስረጃ ያደረሰው በሐኪም ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ድረስ የተጻፈው የሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ነው። በዚያ ዘመን ከወለዱት 24,148 እናቶች 6,805ቱ በማቆያው ያረፉ ሲሆኑ 17,343ቱ በቀጥታ ከቤታቸው የመጡ ነበሩ። የሞቱት እናቶች ብዛት በመቶ ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ ካረፉት በኩል 90 ያህል፥ በቀጥታ ከመጡት በኩል ግን 1,333 ሆኖ ተገኘ። ሞተው የተወለዱት ሕፃናት ደግሞ ከሺህ ወሊድ በአንዱ ወገን 18 ያህል፥ በሌላው ወገን 191 ነበሩ። ካረፉት መካከል ከመቶ ሠላሳ ስምንት የሚበልጡት በቀዶ ጥገና መውለዳቸው ቤቱ በውነትም የሚያሰጉትን ሴቶች መሰብሰቡን ያሳያል።

ሒሳብ የሚወድ ተማሪ እዚህ ላይ እጁን ማንሣቱ አይቀርም፤ መብቱም ነው። በቀጥታ ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ስለ ሆኑ ሁለቱ ወገኖች በእኩል ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉም። ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ውጤት ነው ማለት አይቻልም። እኛም እንዲህ አንልም። ነገር ግን ያቺ በቃሬዛ የመጣችው ሴት ሁለት ሳምንት ቀድማ ብትመጣ ኖሮ በየትኛው ዓምድ ትቈጠር እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

መዘግየቱ ሁልጊዜ የሚገድል ብቻ አይደለም። ለቀናት የቈየ ምጥ ሕፃኑን ገድሎ እናቲቱን ሽንቷን መቈጣጠር የማትችል አድርጎ ሊተዋት ይችላል፤ ፊስቱላ የሚባለው ነው። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው በ1974 በአዲስ አበባ የከፈቱት ሐኪም ቤት እነዚህን ሴቶች ሲጠግን ኖሯል። ማቆያው እንዲያ ያለ ጥበብ የለውም፤ ሴቲቱ ከዚያ እንዳትደርስ ግን አስቀድሞ በመንገዷ ላይ ይቆማል።

መንግሥት ሐሳቡን ወደ ጤና ጣቢያዎች ሲያስፋፋው በራፉ ሰፋ፤ የምታሰጋዋ ብቻ ሳትሆን መንደሯ ሩቅ የሆነችው ሁሉ እንድትገባ ተደረገ። ችግሩ ማንን እንደሚመርጥ ስለማይታወቅ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በጤና ጣቢያ አዋላጇ ደም የሚያቆም መድኀኒት ትሰጣለች፥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ታወጣለች፥ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ታስታግሣለች፤ ቀዶ ጥገናና ደም መስጠት ግን በጤና ጣቢያ አይገኝም። ስለዚህ ቀድሞ በቀዶ ጥገና የወለደችን ሴት በጤና ጣቢያው ማቆያ አስተኝቶ መጠበቅ ከቤቷ ጥቂት ቢሻልም ራስን ማታለል ይሆናል፤ እርሷ መላክ ያለባት በሐኪም ቤት ግቢ ወዳለው ማቆያ ነው።

ይህን የምትለየው በቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሥራው በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታስቦ ሲሆን፥ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ተምረው በየመንደሩ ተሰማሩ፤ በኋላም ቁጥራቸው ከሠላሳ ሺህ በለጠ። ነፍሰ ጡሮችን ቤት ለቤት የምትመዘግበው፥ የመውለጃ ጊዜያቸውን አስልታ የምትነግራቸው እርሷ ናት። በጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልም ሆነ ማዋለድ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

እንግዲህ ቤቱ ካለ፥ ክፍያ ከሌለ፥ መዝጋቢዋም ካለች አልጋው በብዙ ቦታ ባዶውን የሚያድረው ስለ ምንድን ነው? መልሱ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም፤ ማድቤት ውስጥ ነው። ነፍሰ ጡሯ ሦስት ሳምንት ከቤቷ ስትለይ ላሚቱን ማን ያልባታል? ውሃውን ማን ይቀዳል? የሦስት ዓመቱን ልጅ ማን ያበላዋል? በማቆያውስ እርሷ ራሷ ምን ትበላለች? ስንቋ በሳምንቱ ሲያልቅ፥ እንጨት ሲጠፋ፥ የቧንቧው ውሃ ሲደርቅ ጓዟን ጠቅልላ ትመለሳለች፤ የተመለሰችውም ለጎረቤቷ ሁሉ ትናገራለች። እንዲህ ያለው ወሬ ከማናቸውም የግድግዳ ማስታወቂያ ይልቅ ፈጥኖ ይዛመታል።

ነገሩ የሠመረባቸው አካባቢዎች መንደርተኛው ራሱ የገባባቸው ናቸው። በመከር ጊዜ ከየቤቱ ጥቂት ጤፍና በቈሎ፥ ሽሮና ቡና ተዋጥቶ በማቆያው ጎተራ ይቀመጣል፤ እንጨቱን ጎረምሶች ያመጣሉ። በአንዳንድ ጤና ጣቢያ ቡና ይፈላል፥ ለወለደችውም የአራስ ገንፎ ይገነፋል። ይህን እንደ ጨዋታ የሚቈጥር ሹም ቢኖር ተሳስቷል። ሴቶች በቤታቸው መውለድን የሚመርጡት ጨለማውንና አደጋውን ወድደው ሳይሆን ገንፎውን፥ እልልታውንና የዘመዶቻቸውን ፊት ስለሚፈልጉ ነው። ገንፎው ወደ ጤና ጣቢያው ከመጣ ሴቲቱም ትከተለዋለች።

የመሥሪያ ቤት ሰው የሆነ አንባቢያችን አንድ ነገር ያነጻጽር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት ሠላሳ፥ ከወለደች በኋላ ዘጠና ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ አባትየውም ሦስት ቀን ይፈቀድለታል። የገበሬ ሚስት ግን ደመወዝም አሠሪም ስለሌላት ምጥ እስኪይዛት ድረስ እንስራ ተሸክማ ትወጣለች። ለእርሷ ከመውለድ በፊት ያለው ፈቃድ ማቆያው ነው፤ ፈቃዱን የሚፈርምላት ደግሞ ባሏ፥ አማቷና ጎረቤቶቿ ናቸው። ለአዝመራ ደቦ የሚወጣ፥ ለቀብር ዕድር ያቋቋመ ሕዝብ ለሦስት ሳምንት ላም ማለብና ልጅ መጠበቅ ሊቸግረው አይገባም ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ቦታ ለሞተ እንጂ ለምትወልድ የሚመጣ ዕድር አላየንም።

ስለዚህ በወረዳ ተመድበው ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች ጤና ጣቢያ ሊጐበኙ በሄዱ ጊዜ የማቆያውን አልጋ ቈጥረው በቅጽ ላይ ሞልተው እንዳይመለሱ እንለምናለን። ወደ ማድቤቱ ጎራ ይበሉ። አመዱ የዛሬ ነው ወይስ የከረመ? በጎተራው ስንት ቁና እህል አለ? ሌሊት በር ቢንኳኳ የሚነሣው ማን ነው? አምቡላንሱ ተበላሽቶ እንደ ሆነ ከቆመ ስንት ቀኑ ነው? በሰሜን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት ብዙ ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈው አልጋቸውን እንኳ አጥተዋል፤ በዚያ በኩል የተመደበ ሰው ጥያቄውን ከፍራሽ መጀመር ሊኖርበት ይችላል።

ከወሊድ በኋላ ያለውም እንዳይረሳ። እናቲቱ ከግቢው ከመውጣቷ በፊት ሕፃኑ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ መከላከያ ክትባት ማግኘት ይገባዋል፤ የክትባት ካርዱም በእጇ መሰጠት አለበት። ከዚህ ጋር ሕፃኑ መወለዱን የሚገልጽ ወረቀት ከአዋላጆቹ ጠይቃ ትውሰድ። አባትየው ወረቀቱን ይዞ በዘጠና ቀን ውስጥ ወደ ቀበሌው መዝጋቢ ቢሄድ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልጁ በክብር መዝገብ ይጻፍለታል፤ ትምህርት ቤት በሚገባበት ዓመት ዕድሜውን ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ አይንከራተትም።