ከአረንጓዴ የባሕር አረም የሚሠራ ክሬምና እንክብል፦ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት

ብርዱ ሊያበቃ ሲል በነታንያ ወይም በሐይፋ ባሕር ዳርቻ የተራመደ ሰው፣ ድንጋዩን እንደ ሰላጣ ቅጠል የሸፈነ ስስ አረንጓዴ ነገር ሳያይ አይቀርም። በዕብራይስጥ ሐሳት ያም፣ የባሕር ሰላጣ ይሉታል። የሳይንስ ስሙ ኡልቫ ነው። እግር የሚያዳልጠው ይህ አረም አሁን በፊት ክሬምና በእንክብል ብልቃጥ ላይ ስሙ ይጻፋል፤ ሻጮችም «የመገጣጠሚያ ሕመም ያጠፋል፣ ስኳር ያወርዳል» እያሉ ስልክ ይደውላሉ። ከዚህ ውስጥ እውነቱ የትኛው ነው?

ዋናው ንጥረ ነገር ኡልቫን ይባላል። ተልባ በሙቅ ውኃ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣውን ልጋግ እናቶቻችን በሚገባ ያውቁታል፤ ኡልቫንም የዚያ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። አወጣጡ ብዙ ምሥጢር የለውም። አረሙ ታጥቦ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል። በተጣራው ላይ አልኮል ሲጨመር ኡልቫኑ ይዘቅጣል፤ እሱ ደርቆ ዱቄት ይሆናል። ከደረቁ አረም ከ9 እስከ 36 በመቶ የሚሆነው ኡልቫን ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው እንደ ዝርያው፣ እንደ ወቅቱና እንደ አወጣጡ ስለሚለያይ ነው። ለገዢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ዓይነት ስም የተጻፈባቸው ሁለት ብልቃጦች ውስጣቸው አንድ ላይሆን ይችላል።

ሳይንቲስቶችን የሳባቸው በስኳሩ ላይ የተጣበቀው ሰልፌት የሚባል ነገር ነው። በዚህ ምክንያት ኡልቫን በሰውነታችን ውስጥ ካሉት፣ ለምሳሌ ከመገጣጠሚያ ልምልም አጥንት ንጥረ ነገሮች ጋር ይመሳሰላል። ደም እንዳይረጋ በሆስፒታል በመርፌ ከሚሰጠው ከሄፓሪን ጋርም ይመሳሰላል። ሄፓሪን በአብዛኛው የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጀት ስለሆነ፣ ከባሕር ተክል ተመሳሳዩን ማግኘት ብዙዎች የሚመኙት ነገር ነው። በላቦራቶሪ ኡልቫን የደም መርጋትን ሲያዘገይ፣ አንዳንድ ቫይረሶች ወደ ሕዋስ እንዳይገቡ ሲከለክል፣ በአይጦችም ደም ውስጥ ኮሌስትሮል ሲቀንስ ታይቷል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በብርጭቆ ውስጥና በአይጥ ላይ የታየ ነገር መድኃኒት አይባልም። በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ጥቂትና ትናንሽ ናቸው። ስኳርንም ሆነ የመገጣጠሚያ ሕመምን ይፈውሳል ተብሎ የተፈቀደ የኡልቫን መድኃኒት የለም። ሻጩ «ሳይንስ አረጋግጧል» ካለዎት «በሰው ላይ ነው ወይስ በአይጥ?» ብለው ይጠይቁት። በእስራኤል ሕግ ምግብን በሽታ እንደሚያድን አድርጎ ማስተዋወቅ ክልክል ነው፤ በስልክ እንዲህ የሚል ሰው ገና ከመነሻው ሕግ እየጣሰ ነው።

ክሬሙ ከእንክብሉ ይሻላል። ኡልቫን ውኃ ይይዛል፤ ስለዚህ ቆዳን ያለሰልሳል ቢባል ያስኬዳል። የፊት መጨማደድ ያጠፋል ከተባለ ግን እኔ ገንዘቤን አላወጣም። ብልቃጡን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፤ ጽሑፉ በላቲን ፊደል ስለሆነ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ያንብብልዎት። ብዙው መጀመሪያ፣ ጥቂቱ መጨረሻ ይጻፋል። ኡልቫ ላክቱካ የሚለው ስም ከሽቶው በኋላ ከመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው እጅግ ትንሽ ነው፤ የከፈሉት ለሥዕሉ ነው። የእርጥበት ክሬም ብቻ ከፈለጉ በመድኃኒት ቤት ርካሹም ይሠራል።

ኩማዲን የሚወስዱ አባቶችና እናቶች ግን እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ሐኪሙ ስለ ጎመን ያስጠነቀቅዎት በውስጡ ባለው ቫይታሚን ኬ ምክንያት ነው፤ አረንጓዴ የባሕር አረምም ይህ ቫይታሚን አለው፣ የመድኃኒቱን ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ኡልቫን ራሱ ደግሞ በላቦራቶሪ ደምን ያቀጥናል። ሁለቱ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ ውጤቱን አስቀድሞ መገመት አይቻልም። የእንቅርት ወይም የታይሮይድ ችግር ያለበት ሰውም ይጠንቀቅ። ብልቃጡ «የባሕር አረም» ብቻ ካለ፣ አዮዲን የበዛበት ቡናማው ዓይነት ሊሆን ይችላል። የስኳር መድኃኒትዎንም በእንክብል ተማምነው እንዳያቋርጡ። ብልቃጡን ይዘው ወደ ኩፓት ሆሊም ይሂዱ፤ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ከሌሎቹ መድኃኒቶችዎ ጋር አስተያይቶ ይነግርዎታል።

«ታዲያ ከባሕሩ ራሴ ልልቀም?» የሚል አይጠፋም። አይልቀሙ። ኡልቫ የፍሳሽ ውኃ በሚደርስበት ቦታ ይበልጥ ይፋፋል፣ ከባድ ብረቶችንም ወደ ራሱ ይሰበስባል። ክምሩ ሲበሰብስ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በ2009 በፈረንሳይ ብሪታኒ በተባለው አካባቢ በበሰበሰ ክምር ውስጥ የገባ ፈረስ ሞቷል። ለምግብና ለቅባት የሚሆነው በንጹሕ ገንዳ የሚመረተው ነው።

በስልክ ተግባብተው ገዝተው ከሆነስ? በስልክ ወይም በደጅ ለደጅ ሽያጭ ከሻጩ ጋር ተነጋግረው ከገዙ፣ 65 ዓመት የሞላቸው፣ አካል ጉዳተኞች እንዲሁም የኦሌ መታወቂያ ካገኙ 5 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ውሉን ለመሰረዝ 4 ወር አላቸው፤ ለሌላው ሰው 14 ቀን ነው። ጊዜው የሚቆጠረው ዕቃውን ከተረከቡበት ወይም የውሉን ዝርዝር በጽሑፍ ካገኙበት ቀን ነው፤ ከሁለቱ የኋለኛው ይያዛል። ማሸጊያውን አይክፈቱ። ስረዛውን በኢሜይል ወይም በሪከማንዴ ደብዳቤ ይላኩ፣ ቅጂውንም ያስቀምጡ። ሻጩ ሊቀንስብዎት የሚችለው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል ነው፤ ከሁለቱ አነስተኛው።