«በቂ ሜሞሪ የለም» ሲል ፓወርፖይንት ምን ማለቱ ነው?

ባለፈው የትምህርት ዘመን መጨረሻ ገደማ የአንድ የጉበት ሕመምተኛ ታሪክ በመምህራንና በጓደኞቼ ፊት የማቅረብ ተራ ደረሰኝ። ስላይዶቹ 41 ነበሩ፤ ሌሊቱን በላፕቶፔ ላይ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። በማግስቱ ከአዳራሹ ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉን ስከፍት ግን ዘጠነኛው ስላይድ ላይ ቆመና «በቂ ሜሞሪ የለም» የሚል መልእክት አወጣ። ዘግቼ ብከፍተው ያው ነው። መምህሩ ጥቂት ጠበቁኝና ቀጣዩን ተማሪ ጠሩ። በነጻ የትምህርት ዕድል ለሚማር ሰው የአንድ ፈተና ማርክ ምን ማለት እንደሆነ የዚህ መጽሔት አንባብያን ስለምታውቁት አላስረዳም።

ማታ ራካ ከሚገኘው ቤታችን ስንሰበሰብ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሰጠ። አንዱ «ሙቀቱ ነው» አለ። በደማምና በአል ኾባር የሚኖር ሰው ሁሉን ነገር በሙቀት ቢያሳብብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሙቀት ኮምፒዩተርን ያዘገያል፣ ሲብስም ያጠፋዋል እንጂ «ሜሞሪ የለም» አያሰኘውም። ሌላው «ፍላሹ ሞልቷል» አለ። ይህ ስሕተት በብዙዎቻችን ዘንድ ስላለ ከዚሁ ልጀምር።

ዲስክና ፍላሽ የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ናቸው ብንል፣ ሜሞሪ ደግሞ መጽሐፉ ተዘርግቶ የሚነበብበት ጠረጴዛ ነው። መደርደሪያው ሰፊ ስለሆነ ጠረጴዛው ሰፊ ነው ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ መደርደሪያው ላይ ተጣጥፎ የሚቀመጠው ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ እጅግ ይሰፋል። በስልክ ያነሣነው አንድ ፎቶግራፍ ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 3000 ነጥብ ቢሆን፣ ዲስክ ላይ ታምቆ 3 ሜጋባይት ያህል ሊይዝ ይችላል። ሲከፈት ግን 12 ሚሊዮን ነጥቦች፣ እያንዳንዳቸው በ4 ባይት፣ 48 ሜጋባይት ይሆናሉ። እኔ ከነበሩኝ የራጅና የቲሹ ፎቶግራፎች 26ቱ እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ ድምራቸው 1248 ሜጋባይት ነው። (እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ጠቅላላ ሜሞሪው 128 ኪሎባይት ነበር። ፓወርፖይንትም በ1987 ለዚሁ ለማኪንቶሽ በጥቁርና ነጭ ሲወጣ፣ ያኔ የጻፉት ሰዎች የእኛን የራጅ ክምር አላሰቡትም።)

ታዲያ በእኔ ላፕቶፕ የተከፈተው በአዳራሹ ለምን እምቢ አለ? ያም ኮምፒዩተር 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው። በማግስቱ ተመልሼ «ፋይል»፣ «አካውንት»፣ «አባውት ፓወርፖይንት» የሚለውን ስመለከት 32 ቢት የሚል አገኘሁ፤ የእኔ 64 ቢት ነው። በዊንዶውስ የተለመደ አሠራር አንድ 32 ቢት ፕሮግራም ሊጠቀም የሚችለው 2 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነው፤ ማሽኑ ላይ የተቀረው ሜሞሪ አይደርሰውም። ከዚህም ላይ ፕሮግራሙ ራሱና ተጨማሪዎቹ የሚይዙት ይቀነሳል። ስለዚህ ፋይላችሁ መከፈቱን መሞከር ያለባችሁ በቤታችሁ ሳይሆን በምታቀርቡበት ማሽን ላይ ነው።

መድኃኒቱ ሥዕሎቹን ማሳነስ ነው። አንዱን ሥዕል ተጭናችሁ «ፒክቸር ፎርማት» ከሚለው ሥር «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» የሚለውን ክፈቱ። «ለዚህ ሥዕል ብቻ» የሚለውን ምልክት አንሡ፤ «የተቆረጡትን ክፍሎች አጥፋ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያም 150ን ምረጡ። ጥራቱ ይበላሻል ብሎ የሚሠጋ ቢኖር፣ ሰፊው ስላይድ ወርዱ 13.33 ኢንች ስለሆነ በ150 ሲባዛ 2000 ነጥብ ይሆናል፤ ብዙው ፕሮጀክተር የሚያሳየው 1920 ነው። ዋናውን ፋይል ግን ለብቻ አስቀምጡ፤ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ መመለሻ የለውም።

ስለ መቁረጥ ያነሣሁት ለሜሞሪ ብቻ ብዬ አይደለም። ፋይሉን ስመረምር ከአንድ ራጅ ላይ ቆርጬ የጣልኩት የሕመምተኛው ስም እዚያው እንዳለ አገኘሁት። ፓወርፖይንት የቆረጥነውን ይሸፍነዋል እንጂ አይጥለውም፤ ማንም ሰው ያንን ሥዕል ነክቶ ሊገልጠው ይችላል። ይህንን ፋይል ለስንት ጓደኛ እንደላክሁ ሳስብ ላብ አሰመጠኝ። በስም ላይ ጥቁር ሣጥን መለጠፍም ያው ነው፤ ሣጥኑ ይነሣል። ስሙ ሥዕሉ ወደ ስላይድ ከመግባቱ በፊት በሥዕል ማረሚያ መጥፋት አለበት። ለማረጋገጥ የፋይሉን ቅጂ ወስዳችሁ የስሙን መጨረሻ ከፒፒቲኤክስ ወደ ዚፕ ለውጡትና «ፒፒቲ»፣ ቀጥሎም «ሚዲያ» የሚለውን ፎልደር ክፈቱ። ሥዕሎቹ በሙሉ እዚያ ተደርድረው ይታያሉ፤ የትኛው ከባድ እንደሆነ፣ የትኛውም ስም እንደያዘ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

መልእክቱ ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። በኢሜይል የመጣ ፋይል በዊንዶውስ ጥበቃ ታግዶ ሳለ «ሜሞሪ የለም» ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ የፋይሉን «ፕሮፐርቲስ» ከፍቶ «አንብሎክ» ማለት ይበቃል። የሲ ዲስክ ጢም ብሎ ሲሞላም ዊንዶውስ ለሜሞሪ ማገዣ የሚሆነው ቦታ ያጣል። ፕሮግራሙን የኮንትሮል ቁልፍ ተጭኖ መክፈት ደግሞ ተጨማሪዎቹን ያስቀራል፤ እንዲህ ከፍታችሁት ከሠራ ጥፋቱ የተጨማሪዎቹ ነው።

የእኔ ፋይል ከ97 ሜጋባይት ወደ 11 ወረደ፤ በአዳራሹ ኮምፒዩተርም እስከ 41ኛው ስላይድ ያለ ማንገራገር ሄደ። ማርኩ ግን አልተመለሰም። ከእናንተ መካከል ፋይሉ እምቢ ያለው ቢኖር ፍላሹን ይዞ ሐሙስ ማታ ራካ ብቅ ይበል፤ ቡና አለ። የሕመምተኛ ስም ያለበትን ግን አስቀድሞ አጥፍቶ ይምጣ።