በጮቄ ውርጭ ምድር በመንገድ መሪ የሚደረግ የእግር ጉዞ
ለጎብኚዎች፣ ለአስጎብኚዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን ሸለቆ ከተሻገረ በኋላ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያመራ መንገደኛ የአዋበል ወረዳ ርእሰ ከተማ በሆነችው በሉማሜ ያልፋል። ከዚያ ወደ ሰሜን ምድሩ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ይሄድና ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትርን ከሚያልፈው ከጮቄ ተራራ ይደርሳል። ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ የሚዘልቀው ጎዳና ደግሞ ይህንኑ ተራራ በምሥራቅ ጎኑ ያልፈዋል። በሁለቱ ጎዳናዎች የሚመላለሰው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ተራራውን ከሩቅ የሚያየውም እንዲሁ። በእግሩ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። ይህ ማብራሪያ በተራራው ላይ ስለሚደረግ የእግር ጉዞ፣ ጉዞው ያለ አካባቢው መንገድ መሪ ሊደረግ የማይገባው ስለ ምን እንደሆነ፣ እንዲሁም ጎብኚው ሊያደርጋቸው ስለሚገቡ ጥንቃቄዎች ያስረዳል።

በአገራችን የአየር ጠባይ አከፋፈል ከደጋ በላይ ያለው ቀዝቃዛ ምድር ውርጭ ይባላል። ጮቄ ከ22 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ እየፈሰሰ በተነባበረ ቀልጦ በረዶ ድንጋይ የተሠራ እሳተ ገሞራ ነው፤ ቁመቱ ሾጣጣ ሳይሆን እንደ ተገለበጠ ጋሻ ዝርግ የሆነውም ስለዚህ ነው። ስለሆነም ጉዞው ገደል መውጣት አይደለም። ሰፊ፣ ረጋ ያለ፣ ረጅም ዳገት ነው። ተጓዡ በመንደሮቹ ዙሪያ የቀርከሃ ተክል፣ ቀጥሎ የገብስና የድንች ማሳ፣ ከዚያም በየቦታው የተረፈውን የአስታና የአሚጃ ቁጥቋጦ እያለፈ ጓሳ ወደሚበቅልበት ክፍት ምድር ይወጣል። በዚህ ከፍታ ላይ ከሣሩ መካከል ብቻውን ቀጥ ብሎ የሚታየው ተክል ጅብራ ነው። ጅብራ ብዙ ዓመታት በቅጠል ብቻ ይቆይና በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ዘሩን ከበተነ በኋላም ይደርቃል። ሳያብብ የተቆረጠ ጅብራ ዘር ሳይተካ የቀረ ጅብራ ነው።

የጓሳው ምድር ለተመልካች ባዶ ሜዳ ሊመስል ይችላል። ሥራው ግን ከእግር በታች ነው። የሣሩ ሥርና ለዘመናት የተከማቸው ጥቁር አፈር የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይይዙና በበጋ ቀስ እያሉ ይለቁታል። ሙጋ፣ ሱሐ፣ ጨሞጋ፣ ጀደብና ተምጫ ከዚህ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። በተዳፋቱና ከታች ባለው ሜዳ የሚኖረው ሕዝብ የሚጠጣውና ከብቱን የሚያጠጣው ከእነዚህ ወንዞችና ከምንጮቻቸው ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ከሚቀበለው ውኃ አንዱ ክፍል ከዚሁ የሚመነጭ ሲሆን፣ ከተዳፋቱ ታጥቦ የሚወርደው አፈር እንዲሁ መዳረሻው ወደዚያው ነው።

ችግሩ የሚታወቅ ነው። የእርሻ መሬት ሲጠብ ማረሻው ሽቅብ ወጥቷል፤ አስታው ለማገዶ ተቆርጧል፤ ጓሳው ለግጦሽ ተለቅቋል። ሣሩ የተነሣለት ተዳፋት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ጥሩ ገብስ ይሰጥና አፈሩ ሲታጠብ ድንጋይ ይቀራል። የጠፋው አፈር ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ ቀድሞ በጮቄም ይኖር ነበር። ዛሬ በዚያ የለም። ወደ ጮቄ ቀይ ቀበሮ አሳያችኋለሁ ብሎ እንግዳ የሚወስድ አስጎብኚ ቢኖር እውነቱን አልተናገረም።

እንግዲህ የእግር ጉዞ በዚህ መካከል ምን ይረባል? ለዚህ ጥያቄ የቅርብ ምሳሌ የሚሆነው በዚያው በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመንዝ ሕዝብ ይህን ምድር ለብዙ ትውልድ የጠበቀው ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት ነበር፤ ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ከዚያ በሽማግሌዎች ውሳኔ በተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፣ ባለ መብቱ ሁሉ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት የሚሆነውን ያጭዳል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት አዋጅ በኋላ ቢዳከምም ትዝታውና ዕውቀቱ ስላልጠፋ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ጥበቃውን ሊቀጥል ችሏል። ዛሬ ወደ ጓሳ የሚሄድ ጎብኚ ከአካባቢው በወጡ መንገድ መሪዎች እየተመራ ይራመዳል፣ ማኅበረሰቡ በሚያስተዳድረው ማረፊያ ያድራል፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ያያል።

ከመንዝ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ጊዜ በተገላቢጦሽ ይነገራል። ጓሳን ያቆየው ቱሪዝም አይደለም፤ ቱሪዝም የመጣው ጓሳው ስለቆየ ነው። ሕዝቡ ሣሩን የጠበቀው ሣሩ ስለሚያስፈልገው ነበር። በጮቄም ቢሆን ከእንግዳ የሚገኘው ገቢ ብቻውን ማረሻውን ይመልሳል ማለት ማጋነን ይሆናል። ገቢው የሚረዳው ለጓሳው መቆየት ከተስማሙ ሰዎች እጅ ሲገባ፣ ያውም ከግጦሹና ከማገዶው የተከለከለው ሰው ራሱ ሲያገኘው ነው። መንገድ መሪነቱን የከተማ ሰው ይዞት፣ በቅሎውን ሌላ ሰው አከራይቶ፣ ባለ መሬቱ ተመልካች ከሆነ ጉዞው ለተራራው የሚያደርገው አንዳች ነገር የለም።

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተለመደው አሠራር እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። በዚያ ጎብኚው ከመንገድ መሪ፣ ከጥበቃ ስካውት፣ ከምግብ አብሳይና ከባለ በቅሎ ጋር ይጓዛል፤ ሥራውም በማኅበር በተራ ይደርሳል። ተራው ሲጠበቅ ገቢው በጥቂት ሰዎች እጅ አይከማችም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት ማለት ነው። የተራራ ምድር በአንድ በጀት ዓመት አይድንም።

ስለ መንገድ መሪው ሥራ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጎብኚ እንደ ተጨማሪ ወጪ ይቆጥረዋልና። ከአዲስ አበባ አብሮ የመጣ ባለ ፈቃድ አስጎብኚ ታሪክ ያስረዳል፣ ቋንቋ ይተረጉማል። የጮቄን መሬት የሚያውቀው ግን ከብት ሲጠብቅበት ያደገው ሰው ነው። ሣር የሸፈነውን ማጥ ከደረቁ መሬት ይለያል። ረፋድ ላይ ከሸለቆው የሚነሣው ጉም በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ዳገቱን እንደሚሸፍን ያውቃል፤ ጉም በወረደ ጊዜ በዝርግ ተራራ ላይ አቅጣጫ የሚያመለክት ምንም ነገር አይታይም። የትኛው ምንጭ ለመጠጥ፣ የትኛው ለጠበል እንደሆነ፣ የትኛው መስክ በዚህ ዓመት ተዘግቶ እንደሚከርም፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ የሚያውቀውም እርሱ ነው። እንግዳው በማሳ ዳር ሲያልፍ ባለ ማሳውን በስሙ ጠርቶ እንደምን ዋላችሁ የሚልለት ሰው መኖሩም ቀላል ነገር አይደለም።

መንገድ መሪው የመረጠውን መተላለፊያ መልቀቅ አይገባም። በተዳፋት ላይ ዳገቱን ለማሳጠር ቀጥ ተብሎ የሚኬድበት መንገድ በጥቂት ክረምት ውስጥ ውኃ የሚወርድበት ቦይ፣ ከዚያም ቦረቦር ይሆናል። በመዞሪያው መሄድ የሚያስከትለው የጥቂት ደቂቃ ድካም ነው። በጓሳና በአስታ መካከል እሳት ማንደድ ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባዋል፤ በ2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች የተነሣው ቃጠሎ ለማጥፋት የውጭ አገር እርዳታ እስከ መጠየቅ ያደረሰ ነበር። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቍራጩን አጥፍቶ በኪሱ ይዞ ይመለስ። በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው የውኃ ፕላስቲክም እንዲሁ።

ለጉዞው የሚመቸው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። በመስከረም ምድሩ በአበባ የተሞላ ቢሆንም መሬቱ ገና ውኃ የያዘ ስለሆነ በእግር መርገጡ ሣሩን ይጎዳል፤ ውበቱን የሚሻ ሰው ከዝቅተኛው ተዳፋት ሆኖ ቢመለከት ይመረጣል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ አመዳይ ይጥላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ ከታች በቀላል ልብስ የተነሣ ሰው ከላይ ጋቢ ይመኛል። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ ያስፈልጋል። በ4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛውን አይሞላም። በመሆኑም ከቆላ አገር ወይም ከውጭ የመጣ ጎብኚ ቢያንስ አንድ ሌሊት በደጋ አድሮ መውጣት ይኖርበታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መንገዳገድ የታየበት ሰው ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ዐርፌ ልቀጥል ማለት አይበጅም። መንገድ መሪው እንመለስ ባለ ጊዜም ክርክር አያስፈልግም።

በረቡዕና በዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ወራት የሚቀርበው ምግብ የጾም መሆኑን አውቆ፣ ሌላ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ቢናገር መልካም ነው። ለሕፃናት ገንዘብና ከረሜላ መስጠት ልጆቹን ከትምህርት ገበታ ወደ መንገድ ዳር ስለሚያወጣ ይቅር። መርዳት የሚፈልግ በወረዳው በኩል ለትምህርት ቤቱ መስጠት ይችላል። ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ፣ ከጠበል ስፍራ ሲደረስም የቦታውን ሥርዓት መጠየቅ ይገባል።

በተራራው ላይ እንግዳ መቀበል የጀመሩ አሉ። የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር እ.ኤ.አ. በ2022 በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ተመርጧል። ወደ ተራራው ለመውጣት ከደብረ ማርቆስ ወደ ረቡዕ ገበያ የሚወስደው መንገድ ይመቻል። ከሉማሜ፣ ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ የሚነሣ ሰው ከጉዞው ቀደም ብሎ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ዞኑ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ቀርቦ የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ይጠይቅ፤ የመንገድ መሪውን፣ የበቅሎውንና የማደሪያውን ዋጋ ከመነሣቱ በፊት ይስማማ፤ ክፍያውንም አገልግሎቱን ለሰጠው ሰው በእጁ ይስጥ።