የናሙና ብር ኖቶች እንደ ታሪክ ማስረጃ፦ የ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወረቀት ገንዘብ

አንድ አገር ነጻነቱን ሲያገኝ ወይም ሲያስመልስ ከሚያወጣቸው ቀዳሚ ሰነዶች አንዱ የገንዘብ ኖት ነው። ጋና በ1949 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በሐምሌ 1950 ዓ.ም. የራሷን ፓውንድ አውጥታ የምዕራብ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድን ኖት መተካት ጀመረች። ኢትዮጵያ በቅኝ ግዛት ሥር ባትወድቅም፣ ከአምስቱ ዓመት የፋሺስት ወረራ በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟት ነበር። ይህ ጽሑፍ በዚያ ወቅት የታተሙት ኖቶች የናሙና ቅጂዎች ለተመራማሪ ምን እንደሚነግሩና ምን እንደሚሰውሩ ያመለክታል።

የናሙና ኖት ምንነት

የናሙና ኖት ለግብይት ሳይሆን ለማሳያነት የሚታተም ነው። አታሚው ለባንኩ ለማጽደቂያ ያቀርበዋል፤ ባንኩም ቅርንጫፎቹና የውጭ ባንኮች አዲሱን ገንዘብ ለይተው እንዲያውቁ ያሠራጨዋል፤ በአታሚው መዝገብ የሚቀር ቅጂም ይኖራል። እንደ ገንዘብ እንዳያገለግል «ስፔሲመን» የሚለው ቃል በቀለም ይታተምበታል ወይም በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀረጽበታል። ተከታታይ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በሙሉ ዜሮ ሲሆን፣ የፊርማው ቦታም አብዛኛውን ጊዜ ይበሳል። ስለዚህ የናሙና ኖት ከመነሻው ዋጋ እንዳይኖረው ተደርጎ የተሠራ ገንዘብ ነው። ለታሪክ ጥናት የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኖቱ በሕዝብ እጅ ከመግባቱ በፊት መንግሥትና አታሚ የተስማሙበትን መልክ ሳይደበዝዝ ይዞ ይገኛል።

የ1937ቱ ኖቶች

ከሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ድል በኋላ በአገሪቱ ገበያዎች የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ የጣሊያን ሊሬና የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ጎን ለጎን ይዘዋወሩ ነበር። በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ የ1፣ የ5፣ የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ500 ብር ኖቶችን አወጣ። ኖቶቹን ያተመው የአሜሪካው ሴኩሪቲ ባንክ ኖት ኩባንያ ነበር። አዲሱ ብር ከሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ጋር እኩል እንዲሆን ተተመነ።

የእነዚህ ኖቶች ናሙናዎች በተሟላ ስብስብ ሲታዩ አንድ የታሰበበት ቅደም ተከተል ይገለጣል። ንጉሠ ነገሥቱ በሁሉም ላይ አሉ፤ ከጎናቸው ያለው ሥዕል ግን ይለያያል። በ1 ብር ላይ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በ5 ብር ላይ ቀፎ የተሰቀለበት የግራር ዛፍ፣ በ10 ብር ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ያለበት አደባባይ፣ በ50 ብር ላይ ፓርላማ፣ በ100 ብር ላይ ቤተ መንግሥት፣ በ500 ብር ላይ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይታያሉ። የገንዘቡ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ሥዕሉም ከእርሻ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። በ1 ብር የሚገበያይ ገበሬ የራሱን ሥራ በኖቱ ላይ ያያል፤ የ500 ብሩን ሥዕል ግን የማየት ዕድሉ ጠባብ ነበር። ሙሉውን ቅደም ተከተል በአንድ ጊዜ የሚያሳየው የናሙናው ስብስብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስያሜ ነው። ኖቶቹ በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ ግን «የኢትዮጵያ ዶላር» ይላሉ። የአማርኛው ስም የማዕድኑም ስም ስለሆነ፣ ወረቀቱ ራሱን የለመዱት የጠገራ ብር ወራሽ አድርጎ ለአገሬው ያቀርባል፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ለውጭ ባንክ ይናገራል።

ሦስተኛው ጉዳይ ዘመን ነው። የ1937ቱ ኖቶች የታተሙበትን ዓመት አይጠቅሱም፤ የኅትመት ዙሮቹን ለመለየት ዋናው ምልክት የባንኩ ገዥ ፊርማ ነው። በተከታታይ የብላወርስ፣ የቤኔትና የሮዜል ፊርማዎች ይገኙባቸዋል። የፊርማው ቦታ በተበሳ ናሙና ላይ ይህን በጥንቃቄ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ናሙናው የማይነግረን

ናሙና የተገባውን ቃል እንጂ ቃሉ መታመኑን አይመሰክርም። መንግሥት የሕዝቡን የብር ልማድ ስለሚያውቅ፣ ከወረቀቱ ጋር ባለ 50 ሳንቲሙን ከአሜሪካ በብድር ባገኘው ብር አስቀርጾ አወጣ። ገበያው ግን ያልታሰበ መልስ ሰጠ፤ ክቡ የመዳብ ባለ 25 ሳንቲም በብር ቀለም እየተለበጠ እንደ 50 ሳንቲም ስለተላለፈ ጠርዙ ሞገድ እንዲኖረው ተደረገ። እንዲህ ያለው ታሪክ ከአታሚው መዝገብ ሳይሆን ከተገበያየው ሕዝብ ዘንድ ይገኛል።

በዚህ ረገድ የአዊ ዞን ለጥናት አመቺ ነው። የግምጃ ቤት ከተማ ስም ራሱ ንብረት የሚጠበቅበትን ቤት ያስታውሳል። በግምጃ ቤት፣ በዳንግላና በእንጅባራ ለሚገኙ አዛውንት የሚቀርቡት ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው፤ ወረቀቱ በገበያ መቼ ታየ? ማን ተቀበለ፣ ማን እምቢ አለ? ጠገራ ብር ለጥሎሽና ለቁጠባ እስከ መቼ አገለገለ? ሐምሌ 1937ን በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ወደ ዘጠና ዓመት የተጠጉ ወይም ያለፉ ስለሆኑ፣ ይህ ጥናት ብዙ የሚቆይ አይደለም።

የአሰባሰብ ሥርዓት

በ1969 ዓ.ም. የንጉሡ ዘመን ኖቶች በአዲስ ብር ሲተኩ፣ ናሙናውና የተገበያየው ኖት በገንዘብነት ዋጋ በማጣት እኩል ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የሚለያቸው የሚሸከሙት ማስረጃና የሰብሳቢ ዋጋ ነው። ዋጋው ግን ማስረጃውን ሊጎዳ ይችላል፤ በተራ ኖት ላይ በኋላ «ስፔሲመን» የሚል ማኅተም ማሳረፍ የተለመደ ማጭበርበሪያ ነው። ስለዚህ ተመራማሪ ለእያንዳንዱ ኖት ተከታታይ ቁጥሩን፣ የማኅተሙን ቃልና ቀለም፣ የቀዳዳዎቹን ቁጥርና ቦታ፣ የወረቀቱን ልክ በሚሊ ሜትር፣ ፊርማውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከማን እጅና መቼ እንደተገኘ መመዝገብ፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ማንሳት ይኖርበታል። መደበኛ ቁጥር የያዘ «ናሙና» ሁልጊዜ ሐሰተኛ ባይሆንም ተጨማሪ ምርመራ ይሻል።

ያልተገበያየው ናሙና የመንግሥትን ሐሳብ፣ ታጥፎና አርጅቶ የተገኘው ኖት ደግሞ የሕዝብን አጠቃቀም ይመሰክራል። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያኖር፣ ምንጫቸውን የመዘገበና የአዛውንትን ቃል ያከለ ስብስብ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ቢጀመር፣ ገንዘብ በኢትዮጵያ ገጠር እንዴት እንደታመነ ለማጥናት መሠረት ይሆናል።